መስኮት ላይ የቀረው ብርጭቆ

ከልጅነቴ ጀምሮ የመቁጠር አባዜ አለብኝ። ደሴ ሳለን እናቴ ሱቅ ስትልከኝ በመንገዱ ዳር የቆሙትን የመብራት ምሰሶዎች ቆጥሬ እመለስና የተላክኩበትን ዕቃ ረስቼው እገኛለሁ። ኋላ ይኸው አመል እንጀራ ሆነልኝና የውሃ መሐንዲስ ሆንኩ። አንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ይጠጣል፣ በስንት ሊትር ይታጠባል፣ ለስንት ሰው ስንት ቧንቧ ይበቃል፤ ሥራዬ ይኸው ነው። ጂዳ አብረውኝ የሚሠሩ ሐበሾች ስሜን ትተው «አቶ ስንት» ይሉኝ ነበር። እኔም አልተቀየምኩም። ለመቀየምም ጊዜ አልነበረኝም፤ እቆጥር ነበራ!

ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2013 መገባደጃ፣ ሳዑዲ ውስጥ ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ አፈሳው የተጀመረ ሰሞን ነበር። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ይያዛል። ኢቃማ ኖሮትም ከከፊሉ፣ ማለትም ካስመጣው አሠሪ ውጪ ለሌላ ሰው ሲሠራ የተገኘም ይያዛል። እኔ የምሠራው ለአንድ የግንባታ ተቋራጭ ነበር። ኢቃማዬ ንጹሕ ነው፤ ሙያዬም በትክክል ተጽፎበታል። ስለዚህ ሐበሻው ሁሉ በሩን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን እኔ መኪናዬን እየነዳሁ ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ኩራት ቢጤም ሳይሰማኝ አልቀረም።

አንድ ማለዳ አለቃዬ ደወለ። ግብፃዊ ነው፤ ሲጨንቀው በጣም ፈጥኖ ያወራል።

«ባሕራ አንድ መጋዘን አለ። ሰዎች ገብተውበታል፣ ገናም ይገባሉ። ውሃና ሽንት ቤት ዛሬውኑ ይፈለጋል። ያላ፣ ተነሥ!»

«ለስንት ሰው?»

«አራት መቶ በል።»

ባሕራ ከጂዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ጋራዥና ሱቅ የበዛባት ከተማ ናት። እዚያ ሳልደርስ ስልኬ እንደገና ጮኸ። «ስምንት መቶ በለው» አለኝ። ከመኪና ስወርድ ደግሞ ደወለና «አንተ የተቻለህን ያህል ሥራ፣ ቁጥሩን ተወው» አለኝ። የውሃ መሐንዲስን ቁጥሩን ተወው ማለት ልብስ ሰፊን ልኩን ተወው እንደማለት ነው።

መጋዘኑ ቀድሞ የመኪና ጎማ ይከማችበት የነበረ ትልቅ አዳራሽ ነው። ሽታው እስካሁን አልለቀቀውም። መሐሉ ላይ በቆርቆሮ ተከፍሎ በአንዱ ወገን ወንዶች፣ በሌላው ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የመናዊ አለ፣ ሶማሌ አለ፤ የሚበዛው ግን የእኛ ሰው ነው። አላየኋቸውም አልልም። አይቻለሁ፤ ግን ያየሁት በሊትር እያባዛሁ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

በሩ ላይ የተመደበው ጠባቂ አቡ ራኢድ ይባላል። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሆዱ ቀበቶውን የሚፈታተን፣ ጨዋታ ወዳድ የመካ ሰው ነው። እኔ የውሃ ታንከሮቹን እያያያዝኩ ከቦታ ቦታ ስዘዋወር እሱ ወንበሩን ከጥላ ጥላ እየጎተተ ይከተለኛል። በዐረብኛ የተነጋገርነውን ወደ አማርኛ ልመልሰው።

«ያ ሙሐንዲስ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«እየቆጠርኩ ነው። የውሃ ቦቴው ከማለዳ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ምግብ ሁለት መኪና መጣ። አውቶቡሶቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ ቆመዋል። እናንተ ጠባቂዎቹ በአንድ ፈረቃ ስንት ናችሁ?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«እንዲያው ማወቅ እወዳለሁ። አንድ ሰው እዚህ አንድ ቀን ሲውል ስንት ያስወጣል? የሚከፍለውስ ማን ነው?»

«መንግሥት ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

«መንግሥትስ ከየት ያመጣዋል?»

«ከነዳጁ።» ሳቁን ቀነስ አድርጎ ወደ መጋዘኑ ዞረ። «ነዳጁ ደግሞ የልጆቻችሁ ነው ይሉናል። እንግዲህ ከልጆቼ ማለት ነዋ።»

ነገሩ ሳይከነክነው አልቀረም መሰል፣ ወንበሩን አቀረበና የራሱን ጉዳይ አወጣልኝ። እዚህ ከመመደቡ በፊት ሚስፈላ በሚባለው የመካ ሠፈር በመኪና እየዞረ የሚጠብቅ ፖሊስ ነበር። ሚስፈላ ከታላቁ መስጊድ ከሐረሙ በስተደቡብ ያለ፣ ሆቴልና ሱቅ የተጨናነቀበት አሮጌ ሠፈር ነው። አፈሳው ሲጀመር እሱንም ባልደረቦቹንም ከየሠፈሩ አንሥተው ለመጋዘን ጥበቃ አሰለፏቸው። ባለፈው ሳምንት ታዲያ ሌባ የወንድሙን የሞባይል ሱቅ ገለበጠው።

«ወንድሜ ጣቢያ ደውሎ 'ሌባ!' ሲል፣ ሌባ የሚይዘው ሰው የት ነበር መሰለህ? እዚህ፣ ከእኔ ጋር። ለቤት ሠራተኞች ብርድ ልብስ ሲያድል።»

«ሌባውስ ተያዘ?»

«ማን ይያዘው? እኔ እዚህ ነኝ እያልኩህ!»

ረፋዱ ላይ በሴቶቹ በኩል ከገጠምኳቸው ቧንቧዎች አንዱ ማፍሰስ ጀመረ። ሴቷ ጠባቂ «ግባና ሥራ፤ ማንንም እንዳታናግር» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። ተንበርክኬ መፍቻዬን ሳዞር አንዲት ሴት ጀሪካን ይዛ መጥታ ከጎኔ ያለውን ቧንቧ ከፈተች። ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በወሎ አማርኛ፦

«አንቱ ወንድሜ፣ ሐበሻ ነዎት አይደል?»

«ነኝ፣ እኅቴ።»

«አልሐምዱሊላህ! ስሙኝማ በአላህ። ሀዋ እባላለሁ፣ የሐርቡ ልጅ ነኝ። ሚስፈላ አንዲት አሮጊት ሐጃ አሉ፣ ግማሽ አካላቸው የማይሠራ። ሦስት ዓመት እሳቸው ዘንድ ነው የኖርኩት። ትናንት ዙህር ሳይሰገድ ዳቦና የስኳር መድኃኒታቸውን ልገዛ በሩን ከውጭ ቆልፌ ወጣሁ፣ አሁን እመለሳለሁ ብዬ። ከፋርማሲው በር ላይ ያዙኝ።»

«ልጅ የላቸውም?»

«አንድ ልጅ አላቸው፣ ለሥራ ሪያድ ሄዷል። ቁጥሩ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው። ስልኬን ደግሞ ወሰዱት። በቃሌ አላውቀውም።»

«ለጠባቂዎቹ አልነገርሽም?»

«ነገርኩ እንጂ! 'ሁላችሁም በሽተኛ አለን ትላላችሁ፣ ኸላስ፣ በቃ ተቀመጪ' አሉኝ።» ጀሪካኑ ሞልቶ መሬት ላይ ይፈሳል፤ አልዘጋችውም። «ሌላው ይቅር። ወለሉን ልጠርግ ብዬ የውሃ ብርጭቋቸውን ከራስጌያቸው አንሥቼ መስኮት ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስመለስ አቀርብላቸዋለሁ ብዬ። እጃቸው አይደርስም፣ ወንድሜ። ያዩታል እንጂ አይደርሱበትም።»

ከሻርፗ ጫፍ ላይ የቋጠረችውን ቁልፍ ፈታ በጀሪካኑ ጥላ ወደ እኔ ገፋችው። አድራሻውን ጠየቅኳት። ከትልቁ ዳቦ ቤት ጀርባ፣ ደረጃውን ወጥቶ፣ በስተግራ አረንጓዴ የብረት በር። የቤት ቁጥር የሚባል ነገር አታውቅም።

«አብሽሪ» አልኳት።

አብሽሪ ማለት አይዞሽ፣ ይሆንልሻል ማለት ነው። ደሴ ያደግኩት ከሙስሊም ጎረቤቶች ጋር በአንድ ግቢ ስለሆነ ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። እሷም እንዲህ ያላትን ሰው ማንነት አልጠየቀችም። ቁልፉን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁና ለአቡ ራኢድ ዕቃ ልገዛ ነው ብዬ መኪናዬን አስነሣሁ።

እየነዳሁ እቆጥራለሁ። ከትናንት ቀትር በፊት እስከ ዛሬ ረፋድ አንድ ቀን ሊሞላ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳር ያለባቸው፣ መድኃኒታቸውን ያልወሰዱ ሴትዮ ያለ ውሃ ስንት ሰዓት ይቆያሉ? በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሒሳብ ጀምሬ መጨረስ ፈራሁ። ነዳጁን ረገጥኩት።

ጥቂት እንደሄድኩ ከመንገዱ በላይ የተዘረጋው ትልቁ ሰሌዳ ብቅ አለ። ወደ መካ የሚያስገባው መንገድ «ለሙስሊሞች ብቻ» ይላል፤ ሌላው ሰው በሌላኛው መንገድ ዞሮ ያልፋል።

እኔ ደግሞ ስሜ ገብረ መድኅን ነው።

መኪናዬን ዳር አቆምኩና ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። ጂዳ ሰባት ዓመት ስኖር መካ እንደማልገባ ለአንድ ቀን እንኳ ዘንግቼ አላውቅም። ያን ዕለት አንዲት የወሎ ሴት በአገሬ ቋንቋ ስታናግረኝ ደሴ ያለሁ መስሎኝ ረሳሁት። ልዋሽ ብል ፍተሻው ላይ ኢቃማዬን ያያሉ፤ ኢቃማዬ ላይ ሙስሊም እንዳልሆንኩ ተጽፏል። ሕጉም የእነሱ የተቀደሰ ሕግ ነው፣ መድፈርም አልፈልግም። ግን ካልሲዬ ውስጥ ቁልፍ አለ።

ለኢብራሂም ደወልኩ። ጂዳ ኑዝላ ሠፈር የሚኖር የኮምፒውተር ባለሙያ ጓደኛዬ ነው።

«ኢብሮ፣ አሁኑኑ መካ ልትሄድልኝ ትችላለህ?»

«አብደሃል? ኢቃማዬ ለእድሳት ብሎ ከፊሌ ወስዶታል። ከቤት ከወጣሁ አራት ቀኔ ነው። ዳቦ እንኳ ከሱቁ በገመድ እየጎተትኩ ነው የምበላው።»

ነገሩን ነገርኩት።  «ያ አላህ! ብወጣ እኮ ባሕራ እንኳ ሳልደርስ ይይዙኛል። እንግዲያ ቁልፉም ከእኔ ጋር መጋዘን ገባ ማለት ነው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ሌላ ሁለት ሰው ሞከርኩ፤ አንዱ ስልኩን አላነሣም፣ ሌላው ተይዟል። ለፖሊስ ደወልኩ። ያነሣው ሰው ትሑት ነበር፤ የቤቱን ቁጥርና የባለቤቱን ስም ጠየቀኝ። ሁለቱንም አላውቅም፣ በሩ ግን አረንጓዴ ነው አልኩት።

«መካ ውስጥ ስንት አረንጓዴ በር ያለ ይመስልሃል?» አለኝ። ሰውን ሁሉ ስንት እያልኩ የማሰለች እኔ በራሴ ጥያቄ ተያዝኩ።

መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ። ሙስሊም የሆነ፣ ወረቀቱ የማያሰጋው፣ የሚስፈላን መተላለፊያ በሙሉ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያን ቀን የማውቀው አንድ ብቻ ነው። የሀዋ ጠባቂ።

ዞሬ ወደ ባሕራ ስነዳ የሚመጣብኝን ቆጠርኩ። ሴት እስረኛ አናግሬ ቁልፍ ተቀብያለሁ። ከተናገርኩ ሥራዬም ኢቃማዬም ሊሄድ ይችላል። የሐጃዋ ልጅም ወረቀት የሌላት ሠራተኛ አኑረሃል ተብሎ ይቀጣል። ዝም ካልኩ ደግሞ ብርጭቆው መስኮት ላይ እንዳለ ይቀራል።

አቡ ራኢድ ጥላው ሥር ነበር። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩና ሁሉንም አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ይጮህብኛል ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ።

«ከትልቁ ዳቦ ቤት ጀርባ ነው ያልከኝ? ደረጃው ያለበት?»

«አዎ።»

«እዚያ ደረጃ ሥር ስንት ዓመት መኪና አቁሜያለሁ!» ተነሥቶ ተቀመጠ። «ፈረቃዬ የሚያልቀው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መግሪብ ላይ ነው። ከዚህ ብነቃነቅ መኮንኑ አይለቀኝም።»

«ለመኮንኑ ብንነግረውስ?»

«ይጽፈዋል። ወረቀቱ መካ ይሄዳል። መካ ወደ ሚስፈላ ጣቢያ ይመራዋል። ሚስፈላ ጣቢያ ደግሞ ሰው የለም። ሰዎቹ እነዚህ ናቸው» ብሎ በአገጩ ባልደረቦቹን አሳየኝ። አንዱ ውሃ ያድላል፣ አንዱ ስም ይጽፋል፣ አንዱ ቆሞ ያዛጋል።

 ቦቴው እያጓራ ገባ።

«አንድ ዕቃ ቢሰበርስ?» አልኩት።

በየታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲሞላ ከፍ ብሎ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ አለ። እሱ ከሌለ ውሃው አይቆምም። ወደ ሁለተኛው ታንከር ወጣሁ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ የሰው ዕቃ ሆን ብዬ ሰብሬ አላውቅም፤ የራሴን ደግሞ ጭራሽ። መፍቻዬን አነሣሁና ዓይኔን ጨፍኜ ተንሳፋፊውን መታሁት። ቦቴው ውሃውን ሲለቅበት ታንከሩ ሞልቶ ፈሰሰና ግቢውን አጥለቀለቀው። መኮንኑ ሱሪውን ሰብስቦ እየሮጠ መጣ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ተንሳፋፊው ተሰብሯል። ይኼ ዓይነቱ ባሕራ የለም። ሚስፈላ አንድ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ይገኛል።»

መኮንኑ ደረቴ ላይ የተንጠለጠለውን የሥራ መታወቂያ አነበበ። «ገብረ መድኅን» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ ሚስፈላን በምን አወቅኸው?»

 ሁለተኛ ስሕተቴ! ያልረገጥኩትን ከተማ ሱቅ ስጠራ ምን ነክቶኝ ነው?

«እኔ ነኝ የነገርኩት፣ ጌታዬ» አለ አቡ ራኢድ ከኋላ። «ሠፈሬ ነው። ባለ ሱቁን አውቀዋለሁ። ሄጄ ላምጣለት?»

መኮንኑ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ እግሩ ሥር የሚፈሰውን ውሃ አየ። «ሂድና ቶሎ ተመለስ» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ሁለተኛውን ታንከር ስለዘጋሁት የወንዶቹ ወረፋ ረዘመ። ጥፋቱ የኔ ነውና ከሌሎቹ ታንከሮች በጀሪካን እየቀዳሁ አደልኩ። አንድ ሽማግሌ «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ያኔ ነው ፊታቸውን አንድ በአንድ ያየሁት። ጀሪካን ይዞ ሰው ፊት የቆመ ሰው በሊትር ማባዛት አይችልም። አንዱን የት ነው የያዙህ አልኩት፤ ፀጉር ስቆርጥ አለኝ። ሌላውን ጠየቅኩ፤ ሆቴል አንሶላ ሲቀይር ነው የያዙት። በሴቶቹ በኩል በቆርቆሮው ክፍተት ሀዋን አየኋት። ቆማ በሩን ትመለከታለች። እኔን ስታይ «ሄዱ እንዴ?» በሚል ዓይን ጠየቀችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩላት። እኔ አለመሄዴን፣ አሳሪዋ መሄዱን በምን ልንገራት?

ስልኬ ጮኸ።

«ከፈትኩት» አለ አቡ ራኢድ። ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ደረጃው ለዚያ ሆድ ቀላል አልነበረም።

«በሕይወት አሉ?»

«'ሌባ ነህ' ብለው ሰደቡኝ! ፖሊስ ነኝ ስላቸው 'ከዚህ ሠፈር ፖሊስ ከጠፋ ቆየ' አሉኝ።» ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያለየ ድምፅ አወጣ።

ሐጃዋ አልጋቸው ላይ አልነበሩም። ወድቀው በደኅናው ክንዳቸው ወለሉን እየሳቡ መስኮቱ ሥር ደርሰዋል። ከዚያ በላይ መነሣት አቅቷቸው በጎናቸው እንደተኙ ነው ያገኛቸው። ብርጭቆው ከበላያቸው መስኮቱ ላይ ነበር።

«ስንት ጠጡ?»

«ምን?»

«ስንት ብርጭቆ?»

«ሦስት፣ ያ ሙሐንዲስ። ቀስ አድርጌ በየጉንጩ ሦስት አጠጣኋቸው። ጎረቤት ጠርቼ ሴቶች ከበዋቸዋል፣ አምቡላንስም እየመጣ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «'ሀዋ የት አለች?' ይሉኛል። ደጋግመው። ምን ልበላቸው?»

 

ሲመለስ ተንሳፋፊውን እውነትም ገዝቶ ከነደረሰኙ ይዞ መጣ። ለእኔ ከመስጠቱ በፊት ግን ወደ ሴቶቹ በር ሄዶ ቆመ፤ ሴቷ ጠባቂ እያየችው ጮክ ብሎ ተናገረ። «ሀዋ! ሐጃ ጠጥተዋል!»

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። ከመካከላቸው ነገሩ የገባት አንዲት ሴት ነበረች። እዚያው ቁጭ አለች፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። አቡ ራኢድ ጀርባውን ሰጥቶ ዓይኑን ጠራረገ። ጥቂት ቆይታ ቀና ብላ በአማርኛ፣ ማንን እንደሆነ ሳይለይ፣ «ሌሊትስ ማን ያገላብጣቸዋል?» አለች። 

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ ላይ ጫኗት። እኔ ገና እዚያው ታንከር እጨምር ነበር። ሦስት ዓመት የሠራች ሴት አንድ ፌስታል ይዛ ስትወጣ አየሁ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ አንገቷን በመስኮት አወጣች። አልተሰናበተችኝም፤ ለዚያ ጊዜ አልነበራትም።

«ወንድሜ! በግራ ጎናቸው አያስተኟቸው በሉልኝ! ቀኙን ነው የለመዱ! በግራ ሲተኙ ያፍናቸዋል!»

እየሮጥኩ ሄጄ ለአቡ ራኢድ ነገርኩት። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ጻፈው።

ከወር በላይ ቆይቶ ደወለልኝ። ሐጃዋ ሆስፒታል ናቸው። ተሽሏቸዋል፤ ግን ቤት የሚቀበላቸው ሰው ስለሌለ አልጋውን አልለቀቁም። ልጃቸው ከሪያድ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሀዋ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትሠራው የነበረውን ሥራ አሁን ነርሶች በሦስት ፈረቃ ይሠሩታል።

«አልጋው የመንግሥት ነው» አለኝ።

«ከልጆችህ» አልኩት።

«ከልጆቼ» አለ። «እኔ እሷን ስጠብቅ ከልጆቼ፣ ሆስፒታሉ ሐጃን ሲጠብቅ ከልጆቼ። ሁለት ጊዜ ከፈልን እኮ!»

«የወንድምህ ሌባስ?»

«እሱማ እንደ ልቡ ነው!»

ወገኖቼ፣ አገር ሕግ አይኑራት፣ ማንም እንደፈለገ ይግባ ይውጣ እያልኩ አይደለም። ከእነዚያ ሰዎች መካከል እውነት የሚያስጠይቅ ነገር የሠራ አልነበረም ብዬም አልምልም። እኔ ነገሩን ማወቅ የምወድ ሰው ነኝና፣ ያን ቀን የያዝኩትን ማስታወሻ እስከ ዛሬ አገላብጣለሁ። ቦቴው አለበት፣ ምግቡ አለበት፣ አውቶቡሱ፣ ጠባቂው፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም ተጽፏል። ያልጻፍኩት በየሠፈሩ ተቆልፎ የቀረውን በር ነው። ባዶውን ጣቢያና የተገለበጠውን ሱቅም አልጻፍኩም። ሰው ስናስር ወጪው አጥሩ ውስጥ የሚያልቅ፣ ደኅንነቱም አጥሩ ላይ የሚጀምር ይመስለናል። እኔም የውሃ መሐንዲስ ሆኜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሣኝ ጠባቂዎቹ ለሀዋ የሰጧት መልስ ነው። «ሁላችሁም በሽተኛ አለን ትላላችሁ።» እስኪ እናንተም ከእኔ ጋር አስቡት፤ ሁሉም እውነታቸውን ቢሆንስ? ያን ቀን ከዚያ መጋዘን የወጣ ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። ስንት ብርጭቆ ስንት መስኮት ላይ እንደቀረ አላውቅም። አቶ ስንት የተባልኩት ሰውዬ ይህን አልቆጠርኩም፤ ከእንግዲህም የሚቆጠርበት መንገድ የለም።

አሁን አገሬ ገብቻለሁ። ሥራዬ ያው ውሃ ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ አነስተኛ ከተማ ለፖሊስ ጣቢያ ማረፊያ ክፍል ቧንቧ እንድዘረጋ ተጠራሁ። ለስንት ሰው አልኩ። ኮማንደሩ «ለአርባ ነበር፣ አንተ ግን ለሰማንያ አድርገው፣ እየበዛ ነው» አሉኝ። ይህን ዜማ የት ነው የማውቀው አልኩ በልቤ።

«ሰው ሲገባ ምን ትጠይቁታላችሁ?»

«ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የተያዘበት ምክንያት። ከቧንቧው ጋር ምን አገናኘው?»

የሀዋን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያም «ቤት ብቻውን የቀረ ሰው አለ?» የምትል አንዲት መስመር እንዲጨምሩ ለመንኳቸው። ኮማንደሩ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝ።

«ኢንጂነር፣ ሁሉም 'አለ' ቢልስ?»

«አንድ ሰው ልከው ያረጋግጡ። ውሸት ከሆነ የጠፋው አንድ ሰው የሄደበት ሰዓት ነው።»

በእስክሪብቶ ከመዝገቡ ግርጌ ጻፏት። እኔን ለማስደሰት ያህል ነው ብዬ ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጠራ።

«ኢንጂነር፣ ያቺ መስመርህ» አሉ ኮማንደሩ። «ትናንት በጠብ ያመጣነው ሰውዬ 'አለ' አለን። ዓይነ ሥውር እናት አሉኝ፣ በሩን ቆልፌ ነው የወጣሁት አለ። እኔ ራሴ ሄድኩ።»

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ልጄን የት አደረስከው ብለው በምርኩዝ ሊሉኝ ነበር እንጂ!»

«ምን ሰጧቸው?»

«ውሃ ነዋ! ሌላ ምን እሰጣለሁ?»

ስንት ብርጭቆ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ግን ቁጥሩን ተውኩት።